ብልጭታውን ቁጠሩ፦ የባሌሪክ ደሴቶች የባሕር መብራቶች እንዴት ይሠራሉ?

ላሊጋ የሚከታተል ሰው ማዮርካን በስም ያውቃታል። ኢቢዛንም በሙዚቃና በጭፈራ ዝናዋ ያልሰማ ጥቂት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሜኖርካ፣ ከፎርሜንቴራና ከትንሿ ካብሬራ ጋር ሆነው የባሌሪክ ደሴቶች ይባላሉ። የስፔን ግዛት ናቸው፤ ከዋናው ምድሯ በስተምሥራቅ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተበትነዋል። በዳርቻቸው ከ30 በላይ የባሕር መብራት ማማዎች ቆመዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ይበራሉ።

ብዙ ሰው የእነዚህ ማማዎች ሥራ ባሕሩን ማብራት ይመስለዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። የመኪና መብራት አስፋልቱን እንደሚያሳይ ማማውም ውኃውንና ድንጋዩን ለመርከበኛው የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች መርከብ ከፊቷ ያለውን ድንጋይ በማማው ብርሃን ልታይ አትችልም። ማማው የሚያደርገው ስሙን መናገር ነው። «እኔ እገሌ ነኝ፣ የቆምኩትም እዚህ ነው» ይላል። ካፒቴኑ ይህን ካወቀ የቀረውን ካርታው ይነግረዋል። ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ጥልቁ ውኃ በየት በኩል እንደሆነ፣ መሪውን ወዴት ማዞር እንዳለበት ሁሉ ካርታው ላይ አለ።

ታዲያ መብራት ስሙን እንዴት ይናገራል? ይህን ለማስረዳት ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ምን ብዬ ልጥራው ብዬ ሳስብ «ማማ» የሚለው ቃል ደስ አለኝ። ገበሬ ማሽላው ሲያሽት ማሳው መሐል ከእንጨት የሚሠራው ከፍ ያለ መጠበቂያ ማማ ነው። ልጁ ወንጭፉን ይዞ እዚያ ላይ ይወጣል፤ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። የባሕሩም ማማ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከፍ ብሎ ይቆማል፣ አይተኛም። ስፔኖች «ፋሮ» ይሉታል። ቃሉ የመጣው በእስክንድርያ ወደብ ላይ ካለችው ከፋሮስ ደሴት ነው። ጥንት የታወቀው ታላቁ የመብራት ማማ የቆመው እሷ ላይ ነበር።

ከኩራዝ እስከ ፍሬኔል

ልጅ ሆኖ በኩራዝ ያጠና ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ኩራዙን ጠረጴዛ መሐል ስታስቀምጡት ብርሃኑ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ግማሹ ጣሪያ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ግድግዳውንና ወለሉን ያበራል። ደብተራችሁ ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። አሁን ያንን ኩራዝ ባሕር ዳር ካለ ገደል ላይ አስቀምጡት። ጣሪያው ሰማይ ሆነ፣ ወለሉም ከገደሉ ሥር ያለው ድንጋይ። መርከቧ ያለችው አድማሱ ላይ፣ በቀጭኗ መስመር ብቻ ነው። ወደ እሷ የሚሄደው ብርሃን እጅግ ትንሽ ነው፤ የቀረው ሁሉ ይባክናል።

ለብዙ መቶ ዓመታት ለዚህ መፍትሔ አልነበረም። የማዮርካ ዋና ከተማ በሆነችው በፓልማ ወደብ ላይ ፖርቶፒ የሚባል ማማ አለ። በ1300 ገደማ በተጻፉ ሰነዶች ውስጥ ይጠቀሳል። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት እጅግ ጥንታዊ የባሕር መብራቶች አንዱ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መብራቱ በአቅራቢያው ወደነበረ ሌላ ማማ ተዛወረ፤ ምክንያቱም አጠገቡ ምሽግ ተሠርቶ ነበር። የዛሬው ማማ ያ ነው። በነዚያ ዘመናት የሚነደው ዘይት ነበር። መስታወቱን ጥላሸት ይሸፍነዋል፣ ብርሃኑም ወደ ሰማይም ወደ ምድርም ይበተናል። ፖርቶፒ ወደቡ አጠገብ ለደረሰ መርከበኛ ይረዳ ነበር። በሩቁ ላለው ግን እምብዛም አይጠቅምም።

ለውጡ የመጣው ኦጉስታን ፍሬኔል ከተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። የሰውየው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ይደንቀኛል። አጉሊ መነጽር ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ መላክ ይችላል። ለማማ የሚሆን አጉሊ መነጽር ከአንድ ድፍን መስታወት ቢሠራ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወፍራም ይሆናል። ክብደቱ አይቻልም። ውፍረቱ ራሱ ብርሃኑን ይውጠዋል። ፍሬኔል ያስተዋለው ብርሃንን የሚያጥፈው የመስታወቱ ገጽ መሆኑን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው መስታወት ትርፍ ነው። ስለዚህ ሆዱን አወጣውና ገጹን ብቻ በቀለበት በቀለበት ደረደረው። ከመሐሉ በላይና በታች ደግሞ ሦስት ማዕዘን ያላቸው የመስታወት ዘንጎች፣ ፕሪዝሞች፣ ገቡ። ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረውን ብርሃን ይይዙና ወደ አድማሱ ይመልሱታል። ወደ ምድር የሚወርደውንም እንዲሁ።

የመጀመሪያው የፍሬኔል ሌንስ በ1823 በፈረንሳይ ኮርዱዋን በተባለ ማማ ላይ በራ። ከዚያ በኋላ ሌንሶቹ በደረጃ ተከፋፈሉ። የአንደኛ ደረጃው ትልቁ ነው፤ ከነበልባሉ እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት 92 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰው ውስጡ ገብቶ ሊቆም ይችላል። ትንንሾቹ ለወደብ መግቢያ የሚሆኑ ናቸው።

ከነዚህ ሌንሶች አንዱን በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። እንደ ትልቅ የመስታወት ቀፎ ነው። ቀለበቶቹ በናስ ክፈፍ ተይዘው ከላይ እስከ ታች ተደራርበዋል። ዙሪያውን ስትዞሩት የራሳችሁ ፊት ተገልብጦና ተቆራርጦ ይታያችኋል። ጠርዙ ላይ ቀስተ ደመና ይጫወታል። እዚህ ሁሉ መሐል የምትነደው ነበልባል ግን ቤት ውስጥ ከምናውቀው ፋኖስ ብዙም አትበልጥም። ሃያና ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያደረሳት መስታወቱ ነው።

ስም በብልጭታ

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ብዙ ሰው ማማው ብልጭ ድርግም ሲል መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ይመስለዋል። በጥንቶቹ የሚዞሩ ማማዎች ውስጥ መብራቱ ሌሊቱን በሙሉ አንድ ጊዜም አይጠፋም። የሚዞረው ሌንሱ ነው። ሌንሱ ላይ በርካታ ዓይኖች አሉ፣ እያንዳንዱ ዓይን አንድ የብርሃን ጨረር ያወጣል። ጨረሮቹ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ባሕሩን ይጠርጋሉ። አንዱ ጨረር በመርከቧ ላይ ሲያልፍ ካፒቴኑ ብልጭታ ያያል። እስኪመጣ ድረስ ጨለማ ነው።

ዓይኖቹን እንዴት እንደምትደረድሩ የእናንተ ምርጫ ነው። ሁለቱን አቀራርባችሁ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ብትተዉ መርከበኛው ሁለት ብልጭታ፣ ከዚያ ረጅም ጨለማ ያያል። አራት ብታቀራርቡ አራት ያያል። የሌንሱን ፍጥነት ስትጨምሩበት ደግሞ ሌላ ምት ይወጣል። እያንዳንዱ ማማ የራሱ ምት አለው። ምቱም በባሕር ካርታውና በመብራቶች መዝገብ ላይ ተጽፏል።

የሜኖርካን ሰሜናዊ ዳርቻ እንውሰድ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሌሊት የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ ፑንታ ናቲን ያገኛል። ሦስት ብልጭታ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ይህም በየ20 ሰከንዱ ይደጋገማል። ቀጥሎ ካቫየሪያ ይመጣል፤ በየ10 ሰከንዱ ሁለት ብልጭታ። መጨረሻ ላይ ፋቫሪች አለ፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ በየ15 ሰከንዱ። ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ምታቸው ግን አይመሳሰልም። ይህ የታሰበበት ነው። በማዕበል መሐል ሰዓቱን ይዞ ከመርከቡ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው አንዱን ከሌላው ማምታታት የለበትም። ካምታታ ሞቷል።

ይህ ሥርዓት በዘፈቀደ አልመጣም። ስፔን በ1847 ለመላው ጠረፏ አንድ አጠቃላይ የባሕር መብራት ዕቅድ አወጣች። የትኛው የምድር ጫፍ ላይ መብራት እንደሚተከል፣ ምን ዓይነት ምትና ምን ያህል ኃይል እንደሚኖረው በአንድ ዕቅድ ተወሰነ። ከዚያ በፊት የባሌሪክ ደሴቶች ከጥቂት የወደብ መብራቶች በቀር ሌሊት ጨለማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ዳርቻ በራ።

ቀንስ? ቀን ቀለሙ ነው ስሙ። ፋቫሪች ነጭ ሆኖ በዙሪያው ጥቁር መስመር እንደ እባብ ተጠምጥሞበታል። የቆመው ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ደረቅ የምድር ጫፍ ላይ ነው፤ ነጩ ከሩቅ ጎልቶ ይወጣል። በሰሜናዊ ኢቢዛ ያለው ሞስካርተርም እንዲሁ ነጭና ጥቁር መስመር አለው። 52 ሜትር ሲሆን ከባሌሪክ ማማዎች ሁሉ ረጅሙ ነው።

ከፍታ ሲበዛ

ማማ ለምን ከፍ ይላል? ምድር ክብ ስለሆነች። ጠፍጣፋ ካርታ ይህን ያስረሳናል። መርከብ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከውኃው 4 ሜትር ከፍ ቢል አድማሱ ከ8 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው ውኃ በምድር ጉብታ ተሸፍኗል። ማማው ከፍ ባለ ቁጥር ከጉብታው በላይ ብቅ ይላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መብራቱ ከባሕሩ በላይ ያለውን ከፍታ በሜትር ውሰዱ። ካሬ ሩቱን አውጡ። በ3.85 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር በኪሎ ሜትር የመብራቱ አድማስ ነው። 100 ሜትር ላይ ያለ መብራት 38 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ያንን እጥፍ ለማድረግ ግን 200 ሜትር አይበቃም፤ 400 ሜትር ያስፈልጋል። ካሬ ሩት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ብዙ ይጠቅማሉ፣ ኋላ የሚጨመሩት ግን ጥቅማቸው እያነሰ ይሄዳል።

ይህን ሒሳብ ደሴቶቹ በተግባር ተምረውታል። ከማዮርካ ምዕራባዊ ጫፍ ትንሽ ራቅ ብላ ድራጎኔራ የምትባል ቀጭን ደሴት አለች። መሐሏ ላይ ና ፖፒያ የሚባል ጫፍ አለ፣ ከ350 ሜትር በላይ ነው። በ1852 እዚያ ጫፍ ላይ የመብራት ማማ በራ። ድንጋዩ፣ መስታወቱና ዘይቱ ሁሉ በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ ተጓጓዘ። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። አድማሱ ከ70 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ነገር ግን ተራራ ደመና ይስባል። እርጥቡ የባሕር ነፋስ ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሸለቆው ጥርት ብሎ ሳለ ጫፉ ጉም ለብሶ ይውላል። በድራጎኔራም የሆነው ይኸው ነው። ከታች ባሕሩ ጥርት ብሎ መርከበኛው ኮከብ እያየ፣ ማማው ግን ጉም ውስጥ ገብቶ አይታይም ነበር። መርከበኛው መብራቱን በሚፈልግበት ሰዓት መብራቱ የለም። የማይታመን መብራት ደግሞ ከሌለ መብራት ይብሳል። ካፒቴኑ «ካላየሁት ገና ሩቅ ነኝ ማለት ነው» ብሎ ሊያስብና ከገደሉ ጋር ሊላተም ይችላል።

በ1910 ና ፖፒያ ተዘጋ። በምትኩ በደሴቷ ሁለት ጫፎች ላይ፣ በብዙ ዝቅ ብለው፣ ሁለት ማማዎች ተሠሩ። አንዱ ትራሙንታና፣ ሌላው ዬቤች ይባላል፤ ሁለቱም የነፋስ ስሞች ናቸው፣ የሰሜንና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ። ከከፍታው ጠፋ፣ ከመታየቱ ተገኘ።

የማዮርካው ፎርሜንቶርም ከፍ ያለ ነው (ፎርሜንቴራ ከምትባለው ደሴት ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ከሰሜን ምሥራቅ ማዮርካ ወደ ባሕሩ በሚገባ ሹል ተራራ መጨረሻ ላይ ቆሟል። መብራቱ ከባሕሩ 210 ሜትር በላይ ነው፤ ዛሬ ከሚሠሩት የባሌሪክ መብራቶች ከፍተኛው እሱ ነው። በ1863 በራ። አራት ብልጭታ በየ20 ሰከንዱ። በሒሳቡ መሠረት፣ የመርከበኛው የራሱ አድማስ ሲደመርበት፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊያየው ይገባል። የመብራቱ ጉልበት የሚያደርሰው ግን 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትርፉ ከፍታ ለመብራቱ ብዙም አልጨመረለትም። እዚያ የተሠራው ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው፤ ገደሉ ራሱ ያን ያህል ከፍ ያለ ነው።

ፎርሜንቶርን የሠራው ኤሚሊ ፖው የተባለ የፓልማ ልጅ ነው። በ1830 ተወለደ፣ በ1888 ሞተ። በባሌሪክ ደሴቶች ካሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማማዎች አብዛኛዎቹ የእሱ ሥራ ናቸው። የሠራበትን ሁኔታ ሳስበው ይገርመኛል። ፎርሜንቶር የመኪና መንገድ አልነበረውም። በበቅሎ መንገድ ወይም በባሕር መምጣት ነበረበት፤ በባሕር ከመጣ ደግሞ ገደሉን መውጣት አለ። ዛሬ ጎብኚ የሚነዳበትን ጠመዝማዛ መንገድ አንቶኒዮ ፓሪዬቲ የተባለ መሐንዲስ የቀየሰው በ1925 ነው፤ ማማው ከበራ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሜኖርካ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው የአይሬ ደሴት ደግሞ ተቃራኒ ናት። ጠፍጣፋ ናት፣ ተራራ የላትም። ስለዚህ ፖው 38 ሜትር የሚረዝም ማማ ሠራላት፣ በ1860 በራ። መሬቱ ከፍታ ካልሰጠህ በድንጋይ ትሠራዋለህ። በኢቢዛና በፎርሜንቴራ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የቆመው ማማ ዛሬም በፖው ስም ይጠራል።

የካቲት ሌሊት በሜኖርካ

ማማዎቹ የት እንደሚተከሉ የወሰነው ግን ሁልጊዜ መሐንዲስ አልነበረም። አንዳንዱን ያስተከለው ሞት ነው።

ፈረንሳይ አልጄሪያን ከያዘች በኋላ በማርሴይና በአልጀርስ መካከል የሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች በዙ። ቀጥታ መስመር ብትስሉ በሜኖርካ አጠገብ ያልፋል። የሜኖርካ ሰሜናዊ ዳርቻ ደግሞ ክፉ ነው። ትራሙንታና የሚሉት የሰሜን ነፋስ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ምንም ሳያግደው ይመጣና እዚያ ድንጋይ ላይ ያርፋል። የሚገፋውን መርከብ ሁሉ ወደ ገደሉ ነው የሚገፋው።

በ1910 ጄኔራል ሻንዚ የተባለ የፈረንሳይ መርከብ መንገደኞቹን ጭኖ ከማርሴይ ወደ አልጀርስ ተነሣ። ማዕበል ያዘው። የካቲት ገብቶ ነበር፤ በእነሱ ፌብሩዋሪ 10 ማለት ነው። ሌሊቱን በሜኖርካ ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን፣ ከሲውታዴያ ከተማ ብዙ በማይርቅ ቦታ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ከ150 በላይ ሰዎች ነበሩበት። የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሰው! ይህን ቁጥር ማለፍ አልቻልኩም። ሬሳዎቹ ለቀናት ወደ ዳርቻው ይወጡ ነበር፤ የደሴቲቱ ሰዎች ነበሩ የሚያነሡት።

የመብራቶቹን ካርታ ስታዩ ክፍተቱ ግልጽ ነበር። በሰሜን መሐል ካቫየሪያ ከ1857 ጀምሮ ይበራ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ጫፍ አርትሩች ከ1859 ጀምሮ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን፣ ከባሕር የሚመጣውን መርከብ በሩቁ የሚያስጠነቅቅ ትልቅ መብራት አልነበረም። በማዕበል የተገፋ መርከብ ወዴት እንደደረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከዚያ አደጋ በኋላ ፑንታ ናቲ ተሠራ፤ በ1913 በራ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ክፍተት የዘጋው ፋቫሪች ደግሞ በ1922 ተከተለ። እሱ በድንጋይ ፈንታ በአርማታ ነው የተሠራው።

ዛሬ ወደ ፑንታ ናቲ የሚሄድ ሰው ዛፍ የሌለበት ደረቅ ሜዳ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በሁለቱም በኩል ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ አጥር አለ። መጨረሻ ላይ ማማው ብቻውን ቆሟል። የሚያምር ቦታ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያዩ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ምን ያህሉ ለምን እንደተሠራ ያውቁ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሌሊቱን ያደሩት ሰዎች

ስለ ማማዎቹ ሲወራ ሰዎቹ ይረሳሉ። ስፔን በ1851 የማማ ጠባቂዎችን በመንግሥት ሙያነት አደራጀች። «ቶሬሮስ» ይሏቸው ነበር፣ የማማ ሰዎች እንደማለት። ከነቤተሰባቸው እዚያው ይኖሩ ነበር። ድራጎኔራ፣ አይሬ፣ ካብሬራ፣ በኢቢዛ አጠገብ ያለችው ኮኒዬራ፣ ሁሉም ደሴት ናቸው። ዱቄቱም ዘይቱም በጀልባ ነው የሚመጣው። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው አይመጣም። ሚስት ምጥ ቢይዛት ወይም ሕፃን ቢታመም ያው ባሕሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

ሥራው ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። ክሩ ይስተካከላል፣ ይለኮሳል። ሌንሱን የሚያዞረው እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ ማሽን ነው። ከባድ ብረት በማማው ሆድ ውስጥ በሰንሰለት ወይም በገመድ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲወርድ ጥርሶቹን ያዞራል። ታች ሲደርስ ጠባቂው እጀታውን ይዞ እንደገና ወደ ላይ ያጠነጥነዋል። ሌሊት ውስጥ ደጋግሞ። ቢተኛና ብረቱ ታች ቢደርስ ሌንሱ ይቆማል። መብራቱ ይነድዳል፣ ስሙ ግን ጠፋ። በባሕር ላይ ያለው ሰው የሚያየው የማያውቀውን መብራት ይሆናል።

በ1890ዎቹ የመጣ አንድ ፈጠራ ሥራውን አቀለለው። ሌንሱን በሜርኩሪ በተሞላ ገንዳ ላይ ማንሳፈፍ። ሜርኩሪ እጅግ ከባድ ፈሳሽ ስለሆነ ብዙ ኩንታል የሚመዝን መስታወት ይሸከማል። እንዲያ የተንሳፈፈውን ሌንስ በአንድ ጣት ገፍታችሁ ልታዞሩት ትችላላችሁ። ጨረሩም ፈጠነ። ጉዳቱ ሜርኩሪ መርዝ መሆኑ ነው፤ ትነቱን እየሳቡ የሚሠሩት እነዚያው ሰዎች ነበሩ።

ንጋት ላይ መብራቱ ይጠፋል፣ ሥራው ግን አያልቅም። የመስታወቱ ጥላሸት በጨርቅ ይጠረጋል፣ ናሱ ይወለወላል። ከዚያ በሌንሱ ዙሪያ መጋረጃ ይጋረዳል። ለምን መሰላችሁ? ሌንስ በሁለቱም በኩል ነው የሚሠራው። ሌሊት የነበልባሉን ብርሃን ወደ ባሕር ይልካል። ቀን ደግሞ ፀሐይን ከውጭ ሰብስቦ ወደ መሐል ያስገባል። ልጅ ሆነን በአጉሊ መነጽር ወረቀት እንዳቃጠልነው ማለት ነው። መጋረጃ ካልተጋረደ መብራቱን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።

የሚነደው ነገር ተራ በተራ ተቀያየረ። መጀመሪያ የወይራ ዘይት፣ ቀጥሎ ላምባ፣ ከዚያ በአንዳንድ ቦታ አሴቲሊን ጋዝ፣ በመጨረሻ ኤሌክትሪክ። አሴቲሊኑ ላይ ትንሽ ልቁም። ጉስታፍ ዳሌን የተባለ ስዊድናዊ ፀሐይ ስትወጣ ጋዙን የሚዘጋ፣ ስትጠልቅ የሚከፍት መሣሪያ ፈለሰፈ። ሰው የሌለበት ማማ በራሱ መብራትና መጥፋት ቻለ። በ1912 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ጋዝ ሲሞክር ፈንድቶበት ሁለት ዓይኖቹ ታወሩ። መርከበኞች እንዲያዩ የደከመ ሰው ነው፣ ያሳዝናል።

ኤሌክትሪክና አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ሲመጡ ጠባቂ አላስፈለገም። ስፔን በ1992 ባወጣችው የወደቦች ሕግ አዲስ ጠባቂ መቅጠር ቆመ። የነበሩት በጡረታ እየወጡ አለቁ ማለት ይቻላል። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። አንዳንዱ ሌላ ሥራ አገኘ። በደቡብ ማዮርካ ያለው የሴስ ሳሊኔስ ማማ የባሕር ተመራማሪዎች ጣቢያ ሆኗል። ፖርቶፒ ውስጥ የድሮ ሌንሶችና የባሕር ምልክቶች ስብስብ አለ። ሌሎቹን ሆቴል እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፣ ተቃውሞም ይገጥመዋል። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። የምድር ጫፍ ላይ ያለ ቦታ የሁሉም ሰው መሆን አለበት። ፎርሜንቶርን ተመልከቱ፤ መኪና በዝቶበት ከ2018 ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ቀን ቀን የግል መኪና ወደ ማማው እንዳይገባ ተከልክሏል።

ጂፒኤስ እያለ ለምን ይበራሉ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ትንሽ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ እንኳ ጂፒኤስ አለው። ግን ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚመጣ ደካማ ምልክት ነው፣ ሊታወክ ይችላል። በምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን በቅርብ ዓመታት መርከቦች ደጋግመው ገጥሟቸዋል። መሣሪያው መርከቧን ካለችበት ሌላ ቦታ ያሳያል። ባትሪም ያልቃል፣ ጨው ውኃም ሽቦ ይበላል። ስለዚህ ጥሩ ካፒቴን መሣሪያው የሚለውን በዓይኑ ያረጋግጣል። ስክሪኑ «ከካቫየሪያ በስተሰሜን ነህ» ካለው ቀና ብሎ በ10 ሰከንድ ሁለት ብልጭታ ይፈልጋል። ካገኘ ልቡ ያርፋል። ሌላ ምት ካየ አንድ ነገር ተሳስቷል።

የዛሬ ፈተናቸው ጨለማ ሳይሆን ብርሃን ነው። ሆቴሉ፣ መንገዱ፣ የወደቡ መብራት ሁሉ ዳርቻውን አጥለቅልቆታል። በዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ብልጭታ መለየት ለመርከበኛ ቀላል አይደለም። በየአገሩ ደግሞ የሚዞሩት ሌንሶች በኤልኢዲ እየተተኩ ነው። ኤልኢዲ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ሜርኩሪም አያስፈልገውም። ግን በእውነት ይበራና ይጠፋል እንጂ አይዞርም። ያ ባሕሩን እየጠረገ የሚያልፈው ረጅም ጨረር ይቀራል። መርከበኛው ላይ ለውጥ የለውም፣ ምቱ ያው ነው። ዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ግን ብዙ ይጎድላል።

አንድ ቀን ከባርሴሎና ወደ ፓልማ በሌሊት መርከብ የምትሄዱ ከሆነ ከመንጋቱ በፊት ተነሡና ወደ መርከቡ ጠርዝ ውጡ። ድራጎኔራ ስትቀርብ መጀመሪያ የሚታየው መብራቱ ራሱ አይደለም። ከአድማሱ በታች ያለ ነገር ሰማዩን በየጊዜው ፈካ ሲያደርገው ታያላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ነጥብ ትሆናለች። ሰዓታችሁን ያዙና ቁጠሩ። ሁለቱ ማማዎች የየራሳቸው ምት አላቸው። በመካከላቸው፣ ከላይ ጫፉ ላይ፣ አሮጌው ና ፖፒያ አለ። እሱ ጨለማ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጉም ውስጥ ነው።